ዝዝዝ የሚለው ጊታር፦ የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ መልዕክቶች ሲነበቡ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ፣ ጊታሬ ይጮሃል፣ አምፑ ያጉረመርማል፣ ምን ልግዛ? መልሴ ለሁሉም ተመሳሳይ ነው፣ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ድምጹን ስሙት፣ ከዛ ምን ስትነኩ፣ ምን ስታጠፉ እንደሚለወጥ እዩ። ጥያቄዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት ስትራት ዓይነት ጊታር አለችኝ፣ ሦስት ቀጫጭን ፒክአፕ (ከክሩ ስር ሆኖ ድምጹን የሚይዘው) ያላት፣ አምፔ ደሞ ትንሽዬ የልምምድ አምፕ ነው። እጄን ከክሩ ላይ ሳነሳ ዝዝዝዝ ትላለች፣ ስነካት ዝም ትላለች። ዲስቶርሽን ሳበራማ በቃ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ አከራዬ ራሳቸው መጥተው ምን እየበየድክ ነው ብለውኛል። ጓደኛዬ ፒክአፑን አውጥተህ ሀምበከር (ሁለት ጥቅል ያለው ፒክአፕ) አስገባበት ይለኛል። አንዳንዴ ደሞ በባዶ እግሬ ሆኜ ስጫወት ክሩ ትንሽ ይነዝረኛል፣ እሱ ግን ችግር የለውም አይደል? (ከቆጪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ከታች ወደ ላይ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ናት ከሁሉም የምትብሰው። ችግር አለው። ክሩ ከነዘረህ አምፑን አሁኑኑ ከሶኬት ንቀለው፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሩ በብሪጁ (ክሩ ቦዲው ላይ የሚያርፍበት ብረት) በኩል በአንዲት ቀጭን ሽቦ ከቮሊዩሙ ጀርባ ጋር ይያያዛል፣ ከዛ በኬብሉ የውጪ መረብ አድርጎ ወደ አምፑ ብረት ይሄዳል፣ የአምፑ ብረት ደሞ በስፒናው ሦስተኛ መስመር ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት። ስለዚ ክሩን ነካህ ማለት የአምፑን ብረት ነካህ ማለት ነው። ያ ሦስተኛ መስመር ቤትህ ውስጥ ከሌለ ብረቱ ያለ ግራውንድ ተንሳፍፎ ነው የሚቀረው። አንዳንድ አምፕ ውስጥ ኖይዝ እንዲያጣሩ የሚገቡ ካፓሲተሮች አሉ፣ ግራውንድ ከሌለ እነሱ ናቸው ብረቱ ላይ ውርር የሚያደርግ ንዝረት የሚጥሉት፣ ይሄ ቀለል ያለው ነው። ከባዱ ውስጥ ያለው ፌዝ ሽቦው ተልጦ ብረቱን ነክቶ ከሆነ ነው፣ እሱ ይገላል። አንተ ከውጪ ሆነህ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፣ ስለዚ ሁሌም ከባዱ ነው ብለህ ያዘው።

ጅማ ውስጥ ገብቼ ያየኋቸው ብዙ የኪራይ ቤቶች ሶኬታቸው ወይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ወይ ጎንና ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረቶቹ አሉ ግን ከጀርባ የታሰረባቸው ሽቦ የለም። ዲቫይደሩ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ፊቱ ላይ የግራውንድ ብረት ተደርድሮለት ሲያዩት ያምራል፣ ከሶኬት ነቅለህ ጀርባውን በካቻቪቴ ስትከፍተው ግን ከገመዱ የሚገባው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያለበት ሦስተኛ ሽቦ ካላየህ ያ ዲቫይደር ለሞባይል ቻርጀር ይሁንህ፣ ለአምፕ አይሆንም። ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ ግራውንድ በደንብ ይቀበር፣ ከተቻለ 30 ሚሊአምፔር ሲፈስ መብራቱን የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ቆጣሪው ጋ ይግባ። አከራይህን ስታሳምን ግን ስለ ጊታር አታንሳ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣዱ አንሳ፣ ምጣድ ነዝሯቸው የማያውቅ እናት ስለማትኖር ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

እሱ ካለቀ በኋላ ወደ ዝዝዝ እንሂድ። ስትነካው ዝም ማለቱ ጥሩ ምልክት ነው። በግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ፣ ከፍሎረሰንቱ፣ ከቻርጀሩ የሚወጣውን ነገር ሰውነትህ እንደ አንቴና ይሰበስበውና ፒክአፑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያቀብለዋል፣ ክሩን ስትነካ ያ ሁሉ በክሩ በኩል ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ስለዚ የብሪጅህ ሽቦ አልተበጠሰም ማለት ነው። ክሩን ስትነካ ምንም ሳይለወጥ የጃኩን ብረት ስትነካ ብቻ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ያቺ የብሪጅ ሽቦ ተበጥሳለች እልህ ነበር። ስትነካው የሚብስ ከሆነ ደሞ ወይ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦ ተገላብጦ ተበይዷል ወይ ችግሩ ከቤቱ ግራውንድ ነው።

አሁን ጊታሩ ይሁን አምፑ ለይ። የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ አድርገው። ድምጹ ከጠፋ የመጣው ከጊታሩ ውስጥ ነው። ካልጠፋ ኬብሉን ከአምፑ ንቀለው፣ አሁንም ካለ አምፑ ራሱ ነው፣ አሁን ከጠፋ ደሞ ኬብሉን ጠርጥር። ኬብል ስልህ ከስፒከር ገመድ ቆርጠው ጃክ የሚበይዱልህን አይደለም፣ እሱ መረብ የለውም፣ ለጊታር ስታደርገው አንቴና ነው የሚሆነው። ሌላ ፈተና ደሞ አለ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥክ ከነጊታሩ ቀስ እያልክ ዙር። የሆነ አቅጣጫ ላይ ድምጹ ብን ብሎ ከጠፋና መልሰህ ስትዞር ከመጣ እሱ በማግኔት የሚገባ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአምፑ ትራንስፎርመር፣ ስታብላይዘር ወይ ፍሪጅ ነው የሚያመጣው። አምፑ ላይ ተደግፎ የሚጫወት ሰው አያለሁ፣ ከዛ ይጮሃል ብሎ ያማርራል። ሁለት ሜትር ራቅ በል።

ድምጹን ራሱ ማወቅ ከፈለግክ ወፍራሙን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ይዘህ ምታው፣ ጂ ናት፣ 98 ኸርዝ። የኛ መብራት፣ ከጊቤም ይምጣ ከሌላ ግድብ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ ስለዚ ከመብራት የሚመጣው ኸምታ (እምምም የሚለው ወፍራም ድምጽ) 50 ወይም እጥፉ 100 ላይ ይቀመጣል፣ 100ውን ከዛች ጂ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ትሰማዋለህ። ወፍራም ኸምታ ከሆነና ከጂዋ ጋር ከተጠጋ ትራንስፎርመር ወይ ፓወር ሰፕላይ ወይ ግራውንድ ፈልግ። ቀጭንና ሹል ዝዝዝ ከሆነ ደሞ ዲመር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ ፍሎረሰንት፣ ቻርጀር አንድ በአንድ እያጠፋህ ሂድ።

ያንተ ሹል ነው፣ ሲነካ ይጠፋል ስላልክ ሺልዲንግ፣ ማለትም ውስጡን በስስ ብረት መሸፈን፣ ይረዳዋል። የፊት ፕላስቲኩን ብሎኖች ፈተህ ክሩን አላልተህ ታነሳዋለህ፣ ስር ያለው የእንጨቱ ጉድጓድ ባዶ እንጨት ነው። ውስጡን ሙሉ፣ የፕላስቲኩንም ጀርባ፣ በመዳብ ቴፕ ትለብጠዋለህ፣ ሙጫው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ዓይነት ካገኘህ ግሩም ነው፣ ካጣህ የኩሽና ፎይልም ይሰራል፣ ግን ፎይል ሶልደር አይዝም ስለዚ ሽቦውን በትንሽ ብሎን ነው አጣብቀህ የምታስረው። ቁራጮቹ እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው፣ ለብቻው የቀረ ቁራጭ ጥቅም የለውም። በመልቲሜትር አንዱን ጫፍ ቮሊዩሙ ጀርባ ሌላውን ጫፍ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አድርግ፣ ወደ ዜሮ ኦም ካልወረደ አልተያያዘም። መዝጋት ላይ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ ጃኩ ናት፣ ኬብል ሲገባ የጃኩ ምላስ ወደ ጎን ይገፋና አዲሱን ፎይል ይነካል፣ ከዛ ጊታሩ ጭራሽ ድምጽ አይሰጥም፣ እዛ ጋ ያለውን ፎይል ከላዩ በፕላስተር ሸፍነው።

ግን አትታለል፣ ሺልዲንግ ዝዝዙን እንጂ ወፍራሙን ኸምታ አያወጣም። ያንተ ፒክአፕ ማግኔት ላይ ብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፣ የክርህን እንቅስቃሴ የሚሰማው በማግኔት ነው፣ የትራንስፎርመሩንም በዛው መንገድ ይሰማል፣ ፎይል ማግኔት አያቆምም። ሀምበከር የተፈጠረውም ለዚህ ነው፣ የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ፓተንት ያስገባበት፣ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን፣ ዙራቸውም ማግኔታቸውም ተገላቢጦሽ። ከውጪ የሚገባው ኸምታ በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምጽ ግን ይደመራል። ይሰራል ጓደኛህ አልዋሸም፣ ግን የስትራቷ ጥርት ያለ ቃና አብሮ ይሄዳል። እኔ ብሆን አልቀይርም። መጀመሪያ ማብሪያዋን 2ኛና 4ኛው ቦታ ላይ አድርገህ ሞክር፣ የመሃሏ ፒክአፕ ተገላብጣ የተጠቀለለች ከሆነች እዛ ሁለት ቦታ ላይ ኸምታው ይጠፋል፣ ምንም ሳታወጣ። የግድ መቀየር ካለብህም አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ የተደረበበት፣ እዛው ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ፒክአፕ አለ፣ እንጨት አትቦረብርም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ መንደራ አካባቢ ባለ ቤተክርስቲያን ነው የማገለግለው። ጊታሬ ቤት ውስጥ ጸጥ ያለች ናት፣ እዛ ሚክሰር ውስጥ ስትገባ ግን ሞንታርቦው እምምምም ይላል፣ በተለይ መዝሙሩን ፕሮጀክተር ላይ የሚያወጣው ላፕቶፕ ሲሰካ። አምፔን ከኋላው በኬብል ነው ሚክሰሩ ላይ የምንሰካው። አንድ ወንድም የአምፑን ስፒና ግራውንድ በፕላስተር ሸፈነውና ድምጹ ጠፋ፣ ሁላችንም አጨበጨብን፣ ግን ልክ ነው? (እህት ነኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ፕላስተር ዛሬ አስነሺው። ወንድማችን ያገኘው መፍትሄ ድምጹን እውነትም ያጠፋል፣ ለዛ ነው አደገኛ የሆነው፣ ሰው ስለሚያጨበጭብለት ማንም አያነሳውም። ከዛ አንድ ቀን አምፑ ውስጥ ፌዝ ብረቱን ይነካና አንቺ ክሩን ይዘሽ ከንፈርሽን ወደ ማይኩ ታስጠጊያለሽ፣ ማይኩ በሚክሰሩ በኩል ግራውንድ አለው፣ መሃል ላይ ያለሽው ሽቦ አንቺ ነሽ። ይሄ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ መድረክ ላይ ግራውንድ የሌለው ማይክ ነክቶ ነው የሞተው፣ በ1976 ደሞ የያርድበርድስ ድምጻዊ የነበረው ኪት ሬልፍ ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት በኤሌክትሪክ ሞቷል።

እምምም የሚያሰኘው ነገር ግራውንድ ሉፕ ነው። አምፑ ከአንዱ ግድግዳ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከወዲያኛው ግድግዳ፣ ላፕቶፑ ከሌላ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ከዛ እናንተ በኦዲዮ ኬብል መልሳችሁ ታገናኟቸዋላችሁ። አንድ ትልቅ ቀለበት ተፈጠረ፣ በቀለበቱ ውስጥ የመብራቱ 50 ኸርዝ እየዞረ ኬብሉ መረብ ላይ ይጋልባል፣ ሚክሰሩ ደሞ ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል።

ስለዚ መጀመሪያ ነጻውን አድርጊ፣ ሚክሰሩን፣ አምፑን፣ ላፕቶፑን፣ ፕሮጀክተሩን ሁሉ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ፣ እውነተኛ ሦስት ሽቦ ባለው ገመድ ላይ ሰብስቢያቸው። ሞንታርቦዎቹ ፓወርድ (አምፕ ውስጣቸው ያለ) ከሆኑ ከባድ ጭነት ነውና ገመዱ ወፍራም ይሁን። ከዛ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀይውና በባትሪ ሞክሪ። ድምጹ ከቻርጀሩ ጋር አብሮ ከሄደ ጥፋተኛውን አገኘሽ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ አጭር ከሆነ በባትሪ ጨርሱት፣ ካልሆነ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መሃል ዲአይ ቦክስ (በድምጽ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ይግባ። ለአምፑም እንደዛው፣ በአምፑና በሚክሰሩ መሃል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ። ዲአዩ ላይ ግራውንድ ሊፍት የምትል ቁልፍ አለች፣ እሷን መጫን ይቻላል፣ የምትቆርጠው የኦዲዮ ኬብሉን መረብ ብቻ ስለሆነ የአምፑ የመብራት ግራውንድ ቦታው ላይ ይቀራል። ቀለበቱን የምትሰብሩት በድምጹ በኩል ይሁን፣ በመብራቱ በኩል በፍጹም። ኮሚቴው ለምን ገንዘብ ይወጣል ካለ ይሄን ገጽ አሳዪአቸው።

ኬብሎቹንም እያቸው፣ የመብራት ገመድና የጊታር ገመድ አብረው ተጠቅልለው ወለሉ ላይ የሚተኙበት መድረክ ብዙ ነው። ለዩዋቸው፣ መገናኘታቸው ግዴታ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፉ።

ጥያቄ፦ አምስት ፔዳል በአንድ አዳፕተር ነው የማስነሳው፣ ዊይይይ የሚል ቀጭን ፉጨት አለ፣ ዋህ ፔዳሉ ደሞ ለብቻው ያጉረመርማል። ኖይዝ ጌት ልግዛ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ኖይዝ ጌት ሳትጫወት በሩን ይዘጋልሃል፣ መጫወት ስትጀምር ግን ድምጹ ከነጉዱ ይገባል። የመጨረሻ ነው መገዛት ያለበት። ፉጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ዲጂታል ፔዳል፣ ዲሌይ ምናምን፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ መስመር ሲጋራ የሚመጣ ነው። አንዱን ፔዳል አውጥተህ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክረው፣ እያፈራረቅክ። ፉጨቱ የጠፋበት ፔዳል የራሱ አዳፕተር ይሰጠው፣ ወይም እያንዳንዱ መውጫ የተነጠለ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ግዛ፣ መውጫው ብዙ ስለሆነ ብቻ የተነጠለ ነው ማለት አይደለም፣ ሻጩን ጠይቀው። አዳፕተር ስትቀያይር ፖዘቲቭ ኔጋቲቩን እይ፣ አብዛኛው ጊታር ፔዳል መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፣ የዲኮደርና የራውተር አዳፕተር ደሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ ዝም ብለህ ብትሰካው ፔዳሉን ልታቃጥለው ትችላለህ።

ዋሁን በተመለከተ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በተወለደባት ከተማ ዋህ ተው ብዬ ከማን ጋር ልጣላ። ውስጡ ኢንዳክተር የሚባል ጥቅል ሽቦ አለ፣ እሱም እንደ ፒክአፕ ማግኔት ይሰማል። ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ አንሳው፣ በአምፑ ስር አታስቀምጠው፣ ቦታ እያቀያየርክ ስማ፣ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ብቻ ልዩነቱን ታሰማሃለች።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ክራሬ ላይ ከቆዳው ስር ክብ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ሳህን) ለጥፌ በአምፕ እጫወታለሁ፣ ጊታሪስቶቹ ክሩን ሲነኩ ዝም ይልላቸዋል፣ የኔ ግን ብነካም ባልነካም አንድ ነው፣ ዝዝዝ።

መልስ፦ አውታርህ ናይለን ነው አይደል? ናይለን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ስለዚ የነሱ ዘዴ ላንተ አይሰራም። ፒዬዞ በራሱ ማግኔት ስለማይሰማ ወፍራሙን ኸምታ ብዙም አትፈራም፣ ግን በጣም ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ያለው ነገር ነው፣ ያልተሸፈነች አንድ ስንዝር ሽቦ እንኳን የክፍሉን ዝዝዝ ሁሉ ትሰበስባለች። ከፒዬዞው እስከ ጃኩ ያለው ያ ቀጭን ቀይና ጥቁር ሽቦ ነው ጠላትህ። እሱን በመረብ በተሸፈነ ቀጭን የማይክ ገመድ ቀይረው፣ መረቡን ከፒዬዞው የናስ ሳህን ጋር፣ መሃሉን ከነጩ ክብ ጋር በይደው፣ ሶልደሩ ሲሞቅ ነጩ ቶሎ ስለሚቃጠል ነካ አድርገህ አንሳ። ከዛ ፒዬዞውን በስስ ፕላስተር ሸፍነህ ከላዩ ፎይል፣ ፎይሉ ከመረቡ ጋር ይገናኝ። ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ አትስካው፣ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ግብዓት ያለው ፕሪአምፕ ወይ አክቲቭ ዲአይ መሃል ይግባ፣ ያኔ የክራሩ ወፍራም ድምጽም ይመለስልሃል፣ አሁን እንደ ቆርቆሮ ሳይሆንብህ አልቀረም።

የሚነካ ብረት ክራሩ ላይ ገጥሜ ግራውንድ ላድርገው የሚል ሃሳብ ይመጣብህ ይሆናል። ይሰራል፣ ግን አምፑ የተሰካበት ሶኬት እውነተኛ ግራውንድ እንዳለው ካላረጋገጥክ አታድርገው፣ የቆጪውን ልጅ መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጊታሬ ዝናብ በገባ ቁጥር ኬብሉን ሳንቀሳቅስ ቻቻቻ ይላል። (ከቦሳ)

መልስ፦ እሱ ኸምታ አይደለም፣ ጃኩ ኦክሳይድ ሠርቷል ወይ ነቱ ላልቷል። ነቱን ስታጠብቅ ጃኩ ከውስጥ አብሮ እንዳይዞር ያዘው፣ ሽቦውን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። ንጹህ አልኮል በጥጥ ነክረህ የኬብሉን ጫፍና የጃኩን ምላስ ጥረግ፣ ቮሊዩሙም ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ትንሽ ነፍተህ ወዲያ ወዲህ አዙረው። ጊታሩን ከነኬሱ እርጥብ ወለል ላይ አታሳድረው።

ጥያቄ፦ የኔ ጊታር ሳይሰካም ይንዛዛል፣ አምፕም የለኝም፣ ግራውንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ያንተ ክር ፍሬቱን እየመታ ነው። ወፍራሙን ክር 1ኛ ፍሬት ላይና ኔኩ ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ተጭነህ ያዝ፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ወረቀት የምታሾልክ ስስ ክፍተት መኖር አለባት። ጭራሽ ከሌለች ኔኩ ወደ ኋላ ሄዷል፣ እርጥበት ሲቀያየር እንጨት ይንቀሳቀሳል፣ የትረስ ሮዱን (ኔኩ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) ብሎን ሰዓት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙረህ አላላው። ክፍተቱ ካለ ደሞ ብሪጁ ላይ ክሩ በጣም ዝቅ ብሎ ይሆናል፣ የሚንዛዛውን ክር ብቻ ትንሽ ከፍ አድርገው። የትረስ ሮዱን ግን ባንዴ ከሩብ ዙር በላይ እንዳታዞር፣ ክሩን መልሰህ ቃኝተህ እስከ ነገ ተወው፣ ነገ አሁንም ከነካ ሌላ ሩብ ጨምር።